«አጃቢ» የሚባለው ማን ነው? ስለ ባስና ስለ ጊታር መቺዎች የቀረበ ሙግት

በቋንቋችን ከምንሠራባቸው ቃላት መካከል አንዳንዶቹ ሰውን ሳይታሰብ የሚበድሉ ናቸው። ከነዚህም አንዱ በሙዚቃ ዓለም የተለመደው «አጃቢ» የሚለው ቃል ነው። አጃቢ ማለት እንደምናውቀው ጌታውን ተከትሎ የሚሄድ፣ ጌታው ሲቆም የሚቆም፣ ጌታው ወደ እልፍኝ ሲገባ ግን ደጅ የሚቀር ሰው ነው። ይህንኑ ቃል ወስደን ባስ ለሚመታውና ጊታር ለሚመታው ሙዚቀኛ ሰጠነው፤ ከሰጠነውም በኋላ ሰውየውን እንደ ቃሉ ያዝነው። በሸክላውና በካሴቱ ልባስ ላይ የድምፃዊው መልክና ስም በትልቁ ሲታተም፣ ከሥሩ ሆኖ ዜማውን የተሸከመው ሰው ስም ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል እንኳ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ የሚቀርበው ልማዱን ለመቃወም ነው። የምንለውም ባጭሩ ይህ ነው፤ ባስና ጊታር መቺው ከዘፈኑ ባለቤቶች አንዱ እንጂ የዘፈኑ ሎሌ አይደለም፤ ስለዚህ ስሙ ሊጻፍ፣ የድካሙ ዋጋ ሊከፈለው፣ ሙያውም በትምህርት ቤት በሥርዓት ሊሰጥ ይገባዋል። ነገሩ ለአዲስ አበባ ብቻ የሚነገር አይደለም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፍባት የመቀሌ ከተማ ሙዚቃ የሚወድ ወጣት ሞልቶባታል። ከነዚህ ወጣቶች አንዱን ጠርታችሁ ስለ ኪሮስ ዓለማየሁ ብትጠይቁት፣ የትግርኛን ዘፈን ቋንቋውን ለማያውቀው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያደረሱ ድምፃዊ መሆናቸውን ይነግራችኋል፤ ዘፈኖቻቸውንም አንድ በአንድ ይቆጥርላችኋል። በነዚያ ዘፈኖች ውስጥ ባሱን የመታው ማን ነው ብትሉት ግን ዝም ይላል። ዝም ማለቱ የርሱ ጥፋት አይደለም፤ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ባስ መቺ ምን እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚንቀው ሥራውን ስለማያውቀው ነውና። ባስ ጊታር እንደ ተለመደው አራት አውታሮች አሉት። እነዚህም ከጊታር ስድስት አውታሮች መካከል የወፍራሞቹን የአራቱን ቅኝት የያዙ ሆነው ድምፃቸው በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባስ እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ሥራው የሚከናወነው ቆመው በሚመቱት በትልቁ ኮንትራባስ ነበር። የመሣሪያው ተግባር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከከበሮው ጋር ተጣምሮ ምቱን ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ከዜማው ሥር ሆኖ መሠረት ይጥላል፤ ድምፃዊው ያንኑ አንዱን ድምፅ ይዞ ሳለ ባሱ ቦታውን ሲለውጥ የዜማው ስሜት አብሮ ይለወጣል። ሰሚው ይህን በጆሮው ለይቶ ባያውቀውም በልቡ ያውቀዋል፤ ባሱ ሲጎድል ዘፈኑ ወለል እንደሌለው ቤት ይሆንበታል።

የጊታር መቺውም ኃላፊነት ከዚህ አያንስም፤ በተለይም በኢትዮጵያ ቅኝቶች ላይ። ለምሳሌ አምባሰልን እንውሰድ። የአምባሰል ቅኝት ከመነሻው ድምፅ ተነሥቶ ሲቆጠር ሦስተኛው ድምፅ የለበትም። በአውሮፓ ሙዚቃ ደግሞ አንዱን ኮርድ ደስተኛ፣ ሌላውን ሐዘንተኛ የሚያሰኘው ይኸው ሦስተኛ ድምፅ ነው። እንግዲህ ጊታር መቺው ከመጽሐፍ የተማረውን ኮርድ ሳያስተውል እንዳለ የመታው እንደ ሆነ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ጨምሮበት አምባሰሉ አምባሰል መሆኑ ይቀራል። ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ብለው የሰየሙት ሙዚቃ ዋና ጥያቄም ይኸው ነበር፤ አምስት ድምፅ ካለው ቅኝት ሥር አሥራ ሁለት ድምፅ ያለውን የጃዝ ስምምነት እያስገቡ ቅኝቱን ሳያፈርሱ መዝለቅ እንዴት ይቻላል የሚል። ይህን ጥያቄ አቀናባሪው በወረቀት ላይ ቢመልሰውም በመድረክ ላይ በየሌሊቱ በጣታቸው የሚመልሱት ባስ መቺውና ጊታር መቺው ናቸው። ይህን የሚያህል ፍርድ በእጁ ያለ ሰው አጃቢ ሊባል አይገባውም።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ አይቤክስ የሚባል ባንድ ነበር። በዚህ ባንድ ውስጥ ባስ ይመቱ የነበሩት ጆቫኒ ሪኮ፣ መሪ ጊታር ይመቱ የነበሩት ደግሞ አቶ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ናቸው። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «እሬ መላ መላ» የተባለውን ሥራቸውን ሲያስቀዱ ከኋላቸው የነበረው ይኸው ባንድ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጅግ አገር ክራምድ በተባለው አሳታሚ እንደገና ወጥቶ የአውሮፓ አድማጭ ዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ እንዲያውቅ በር ከፈተ። የማሕሙድ ድምፅ ታላቅነት የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን ያን ሥራ ደግሞ ደጋግሞ ያዳመጠ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ እየተመላለሰ ሰሚውን አልለቅ የሚለው የባሱና የጊታሩ ሽክርክሪት ነው። በ1976 ደግሞ አይቤክሶች በራስ ሆቴል አዳራሽ ያለ ድምፃዊ አንድ ሙሉ አልበም ቀዱ። ይህም ቅጂ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ለአድማጭ ቀርቧል።

ባንዱ በኋላ ስሙን ለውጦ ሮሃ ተባለ። የሮሃ ባንድ ታሪክ የሁለገብ ሙዚቀኛ ታሪክ ነው። በዚያ የካሴት ዘመን ድምፃዊ ይለዋወጣል፤ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ወደ ስቱዲዮው ይገባል። ባስ መቺውና ጊታር መቺው ግን እዚያው ናቸው። ጧት የትዝታ ዘፈን፣ ከሰዓት በኋላ የጉራግኛ ምት፣ ማታ በሆቴል የፈረንጅ ዳንስ ይመታሉ፤ ለእያንዳንዱም ዜማ የሚስማማውን መሠረት ፈልጎ ማግኘት የነርሱ ሥራ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሰርጉና በዓውደ ዓመቱ የጨፈረባቸው እጅግ ብዙ ካሴቶች በነዚህ እጆች አልፈዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። አቶ ሰላም ሥዩም ጊታራቸውን ሳይጥሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ለታሪክ ትምህርት ክፍል ያቀረቡትም የመመረቂያ ጽሑፍ ዘመናዊ ሙዚቃ በኢትዮጵያ ከ1896 እስከ 1974 ድረስ እንዴት እንደ ተጀመረና እንዳደገ የሚመረምር ነው። ጽሑፉን ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የደከሙ የውጭም ሆኑ ያገር ውስጥ አጥኚዎች ይጠቅሱታል። እንግዲህ ፍረዱ! የሙዚቃችንን ታሪክ አስቀድመው መርምረው ከጻፉት ሰዎች አንዱ እኛ አጃቢ የምንለው ጊታር መቺ ነው። የሌላውን ሁሉ ስም ከመረሳት ሲያወጣ የርሱን የሙያ ጓደኞች ስም ግን እኛ በካሴቱ ላይ ለመጻፍ ሰነፍን።

የዋልያስ ባንድም ነገር እንዲሁ ነው። «ጨ በለው» የተባለው በ1977 የወጣው ሸክላቸው ያለ ዘፋኝ የተሠራ ነው። በኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፣ በጊታር ማሕሙድ አማን፣ በባስ መላከ ገብሬ ነበሩበት። ዛሬ ያንን ሸክላ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይሻሙበታል። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ግን ከአባላቱ ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዱ ኖሩ። እኛ ስማቸውን በዘነጋንበት ዘመን የፈረንጅ አሳታሚ ፈልጎ አገኛቸውና ሥራቸውን እንደገና አወጣው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይህ ነው።

ይህን ስንናገር የሚቃወሙን አይጠፉም። ተቃውሟቸውንም በየተራ እንመልከተው።

የመጀመሪያዎቹ «ባስና ጊታር የባዕድ መሣሪያ ነው፤ ለኛ ክራርና ማሲንቆ ይበቃናል» ይላሉ። ለነዚህ የምንመልሰው ከታሪክ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የናስ መሣሪያዎች ከሩሲያ በመጡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1924ም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አርባውን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ባመጡ ጊዜ መሣሪያው ባዕድ ነበረ፤ ዛሬ ግን ያለ መለከትና ያለ ሳክስፎን ዘመናዊ ዘፈናችንን ማሰብ አይቻልም። ከዚህም በላይ ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚወድ ጆሮ ከፈረንጅ የተዋስነው አይደለም። አሥር አውታር ያለው በገና በዐቢይ ጾም ሲደረደር ከደረት የሚገባው ያ ነዛሪ ድምፅ ምንድን ነው? መሣሪያው ቢለይም ጥሙ አንድ ነው።

ለመቀሌ ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ ምስክር አለው። በትግራይ የሚነፋውን እምቢልታ ተመልከቱ። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንድ ነፊ ብቻውን ሊያወጣ የሚችለው ጥቂት ድምፅ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ሦስት እምቢልታ ይዘው፣ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው እየነፋ፣ ድምፁን እንደ ሸማ ድርና ማግ ያያይዙታል፤ ዜማውም ከሦስቱ ይወለዳል። ከሦስቱ ማንኛው ነው ጌታ? ማንኛውስ ነው አጃቢ? አንዱ ቢጎድል ዜማ የለም። አባቶቻችን በነገሥታት ፊት ይህን የመሰለ ሙዚቃ እያስነፉ ኖረው ሳለ፣ እኛ ልጆቻቸው አንዱን ሙዚቀኛ ከዙፋን ላይ፣ ሌላውን ከደጅ ማስቀመጡን ከወዴት አመጣነው?

ሁለተኞቹ «ሕዝብ የሚመጣው ዘፋኙን ብሎ ነው፤ የባስ መቺን ስም ማን ይጠይቃል?» ይላሉ። ይህ ክርክር በሌላ አገርም ተሞክሮ ወድቋል። በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ሞታውን የሚባለው ኩባንያ ዓለምን ያስጨፈሩ ሸክላዎች ሲያወጣ ባሱን የሚመታው ጄምስ ጀመርሰን የሚባል ሰው ነበር። ጃዝ በኮንትራባስ ሲመታ ቆይቶ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ባስ የተሻገረ ሁለገብ ሙዚቀኛ ነው። የርሱም ሆነ የጓደኞቹ ስም በሸክላው ላይ ለብዙ ዓመታት አልታተመም፤ መታተም የጀመረው ማርቪን ጌይ በ1971 ካወጣው አልበም ወዲህ ነው። ጀመርሰን በ1983 ሞተ። ዛሬ ባስ የሚማር ወጣት ሁሉ ከርሱ ይማራል፤ ክብሩ ግን የደረሰው እርሱ ከመቃብር ከወረደ በኋላ ነው። እኛም ይህንኑ ስሕተት ደግመን እስክንጸጸት መጠበቅ አለብን? ደግሞስ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ያ ሁሉ አቀባበል የተደረገላቸው ዘፋኝ ስለ ነበሩ አይደለም። በርሳቸው ኦርኬስትራ ከ1939 እስከ 1941 የመታው ጂሚ ብላንተን በሃያ ሦስት ዓመቱ ቢሞትም በዚያች አጭር ዕድሜ ባስን ከመሠረት ጣይነት አልፎ ራሱን ችሎ የሚናገር መሣሪያ አድርጎታል። ኤሊንግተን ከኋላቸው አላስቀሩትም፤ ከእርሱ ጋር ለሁለት ብቻ የሚሆን ሙዚቃ እስከ መቅዳት ደረሱ። ታላቅ መሪ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ሦስተኞቹ በተረት ይመጣሉ፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ባስም ጊታርም እመታለሁ የሚል አንዱንም አያውቅም» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ የተጠቀሰበት ቦታ ግን አይደለም። ባስና ጊታር ከላይ እንዳልነው የአንድ ቅኝት ላይኛና ታችኛ ናቸው፤ ሁለት ዛፍ ሳይሆኑ የአንድ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። ባሱን የሚያውቅ ጊታር መቺ ከበታቹ ምን እንደሚሆን አውቆ ይቆጠባል፤ ጊታሩን የሚያውቅ ባስ መቺም ከበላዩ ምን እንደሚመጣ አውቆ ቦታ ይለቃል። ግሩም መዝሙር ከጊታር ጋር አኮርዲዮን ይጫወታሉ፤ ይህም ሙያቸውን አሰፋው እንጂ አላጠበበውም። ሁለገብነት እንጀራ ፍለጋ ብቻ የወለደው ነገር አይደለም፤ የማስተዋል ትምህርት ነው።

አራተኞቹ ግን ከሁሉ የሚበረቱ ናቸው፤ ክርክራቸው በገንዘብ ነውና። «አንድ ኪቦርድ ባሱንም ከበሮውንም ይመታልናል፤ ለአምስት ሰው ከምንከፍል ለአንድ ሰው እንከፍላለን» ይላሉ። ይህ ነገር የተጀመረበት ምክንያት አለ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ሕግ ለብዙ ዓመታት የምሽቱን ሙዚቃ ዘጋው፤ ባንዶች ተበተኑ፤ ኪቦርዱም በመጣ ጊዜ ባዶ ቦታ አገኘ። በመቀሌ የሰርግ አዳራሾችም ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይኸው የተሞላ ምት ነው። ርካሽ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን መኪናው የሚመታው አንድ ጊዜ የተሞላውን ነው፤ የጓይላ ጨዋታ ደርቶ ሴቱ ወንዱ ትከሻውን ሲነቀንቅ አይቶ አያፋጥንም፤ ሽማግሌው ሲነሡ አይቶ አይታገሥም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ባስ መቺ የማይጠራበት ከተማ ባስ መቺ አይወለድበትም፤ ባልተወለደበትም ከተማ ነገ ፈልገን ብንጣራ የሚመልስልን የለም። ዛሬ ያተረፍነው ጥቂት ብር ነገ የማንገዛውን ሙያ ያጠፋል።

ተቃውሞውን ከመለስን ዘንድ ምን ይደረግ የሚለውን መናገር ይገባናል፤ ነቅፎ ዝም ማለት የሰነፍ ሥራ ነውና።

ለባለሥልጣኖች የምንለው ሕጉ አስቀድሞ አለ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መብት ከሚሰጣቸው ከዋኞች መካከል ሙዚቀኛውን ከዘፋኙ ጋር ይቆጥረዋል። እንግዲህ ሕግ አንድ ያደረጋቸውን ሰዎች ልማድ ሊለያያቸው አይገባም። የመንግሥት ገንዘብ በሚወጣበት በማናቸውም የሙዚቃ ሥራ፣ የበዓል ዝግጅትም ይሁን የቴአትር ቤት ቅጂ፣ የእያንዳንዱ መቺ ስም በጽሑፍ እንዲወጣ ማዘዝ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ስሙ በጽሑፍ የሌለ ሰው መብቱን ለመጠየቅ ማስረጃ የለውምና ከገንዘቡ ስሙ ይቀድማል።

ለትምህርት ሹሞች ደግሞ የምንለው አለን። ሄኖክ ተመስገን በአሜሪካ በበርክሊ ኮሌጅ ተምረው በባስ ከታወቁ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ማስተማርን መረጡ፤ ከአበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታና ከግሩም መዝሙር ጋር ሆነውም የጃዝአምባን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ መሠረቱ። የጃዝአምባ የሙዚቃ አዳራሽ በነበረበት በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ2015 እ.ኤ.አ. እሳት ተነሥቶ አዳራሹ ቢቃጠልም ያስተማሩት ትምህርት አልተቃጠለም። ይህ የሚያሳየን ጥቂት ሙዚቀኞች በራሳቸው ጥረት ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ነው። እንግዲያውስ መንግሥት ቢያግዝ ምን ያህል ይሠራ ነበር? ቅዱስ ያሬድ ግዕዝን፣ ዕዝልንና ዓራራይን የደረሰው በአክሱም ነው። የዜማ አባት ከበቀለበት ምድር የተወለደ የመቀሌ ልጅ አንድ የባስ መምህር ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መሰደድ የለበትም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የትግራይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። ለነዚህ ወጣቶች መጽሐፍና ወንበር ሲታሰብ አንድ ክፍል፣ ጥቂት ባስና ጊታር፣ አንድ ደመወዝ የሚከፈለው መምህርም ይታሰብላቸው። አምስት ልጆች በአንድ ባንድ ውስጥ ሲቀመጡ እርስ በርስ መደማመጥን ይማራሉ፤ ይህንንም ትምህርት ዛሬ ከማናቸውም ጊዜ ይልቅ እንፈልገዋለን።

ለመምህራን የምንለው ቀላል ነው። ዘፈን በክፍል ውስጥ ስታሰሙ ተማሪው ግጥሙን ብቻ እንዲተነትን አታድርጉ፤ «ባሱን ተከተል፤ የት ሄደ? የት ተመለሰ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ጊዜ የሰማው ጆሮ ዳግመኛ አይደነቁርም።

ለተማሪውም አንድ ምክር አለን። በእጅህ ጊታር ቢገባ የምትሠራው ለማንም ሎሌነት አይደለምና ራስህን ዝቅ አታድርግ፤ ነገር ግን የምትሠራውን እወቅ። ቅኝቶቹን አጥና፤ የአያትህን ከበሮ አድምጥ፤ የክራሩን አመታት ወደ ባሱ አምጣው። እንደ አቶ ሰላም ሥዩምም መምታት ብቻ ሳይሆን መጻፍንም ልመድ፤ ራሱን የማይጽፍ ሙያ ሌላ ሰው እንደ ወደደ ይጽፈዋልና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይላሉ አበው። ዘፈንም እንዲሁ ነው፤ ብዙዎች ተካፍለው ተሸክመውት ሳለ ጌጡን ለአንዱ ብቻ ማስጠለቅ ፍርድ ማጓደል ነው። ስለዚህ «አጃቢ» የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ብንተወው መልካም ነው። በምትኩ የሚሆን ቃል ለመፈለግም መድከም አያስፈልግም፤ ባስ መቺውን ባስ መቺ፣ ጊታር መቺውን ጊታር መቺ ብለን፣ ከዚያ በኋላ ስሙን ከነአባቱ ስም መጻፍ ይበቃል።